ሞርፊን ብንሰጣት እናታችንን መግደላችን ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንት ስለተሠራጨ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ሕመሟን እያስታገሣችሁ በቤት ተንከባከቧት» ብለው፣ የሚጠጣ ሞርፊን ሰጥተው አሰናበቱን። ታላቅ ወንድሜ «ሞርፊን የተጀመረለት ሰው አይተርፍም» ስላለ ጠርሙሱን እስካሁን አልከፈትነውም። ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ እየገዛን በቀን አራት ጊዜ እንሰጣታለን፤ ሌሊቱን ግን ስታቃስት ታድራለች። ካንሰር መሆኑን አልነገርናትም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። የሚያስጨንቅዎ ግን «በገዛ እጃችን ልንገድላት ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አትገድሏትም። ወደ ቤት መመለሷም ሕክምናዋ አበቃ ማለት አይደለም፤ የአሁኑ ሕክምና ሕመሟን ማስታገሥ ነው።

ወንድምዎ ያሉትን ከብዙ ቤተሰብ እሰማለሁ። ሞርፊን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዘግይቶ፣ በሽተኛው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ በሽታው የገደለውን ሰው ሞርፊን ገደለው ይባላል። በትክክለኛ መጠን ለወራት የሚወስዱት አሉ፤ ሕመማቸው ጋብ ሲል በልተው፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥተው የሚውሉ አሉ። በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ካልበቃ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ፈሳሹ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሱስንም አይፍሩ፤ ሱሰኛ የሚያሳድደው ስካሩን ነው፣ እናትዎ የምትፈልገው ሌሊቱን መተኛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እንቅልፍ ያበዛባታል። ስንት ሌሊት ሳትተኛ ከርማ፣ ብትተኛ ምን ያስደነግጣል? የሚያስደነግጠው ቀስቅሰዋት አልነቃ ስትል፣ ወይም በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ስትተነፍስ ነው። ያኔ ቀጣዩን መጠን ሳይሰጡ ወዲያውኑ ለሐኪም ይደውሉ።

ሆድ ድርቀቱ ግን እንደ እንቅልፉ ተለምዶ የሚቀር አይደለም። የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ አብሮ ካልታዘዘላት ጠይቀው ያሳዝዙ።

ስለ ዲክሎፌናኩ ግን አልሸነግልዎትም። ሐኪም በእጃችሁ የሰጠውን መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁ፣ ማንም ያላዘዘውን በቀን 200 ሚሊግራም ታጠጧታላችሁ! የቀን ጣሪያው 150 ነው። ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ሞርፊኑ ከሰውነት ሳይወጣ ይጠራቀማል። እንግዲህ የፈራችሁትን አደጋ የምታዘጋጁት እናንተው ናችሁ። ዛሬውኑ ያቁሙት። ሞርፊኑን ከመጀመርዎ በፊትም ላሰናበቷት ሐኪሞች ደውለው፣ ዲክሎፌናኩን ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደች ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ኩላሊቷን መርምረው መጠኑን ሊያስተካክሉ ይችላሉ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ስለገባ አንድ ነገር በተለይ ይጠብቁ። ድንገት እግሯ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንቷን መሽናት ካቃታት፣ ዕጢው የአከርካሪዋን ሕብለ ሰረሰር ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ቀን ቢሆን ሌሊት፣ በዓል ቢሆን እሑድ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ትግባ። «አቅም አጥታ ነው» ብለው እስከ ማግስቱ ካቆዩዋት ዳግመኛ ላትራመድ ትችላለች።

ምግብ እምቢ ስትል አያስገድዷት፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት መዋጥ ሲያቅታት ከንፈሯን ማራስ ይበቃል። ስለ በሽታዋም «ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቋትና መልሷን ይከተሉ። የሃይማኖት አባቷን ማግኘት፣ ኑዛዜዋን መናገር፣ ሩቅ ያለ ልጇን ማየት ትፈልግ ይሆናል።

መድኃኒቱን የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፣ ሰዓቱንም በደብተር ይጻፍ። የሌሊቱን ተራ ወንድምዎ ቢይዙ ደስ ይለኛል፤ ሞርፊን ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ያዩታል። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጥም፤ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኝም። ስለዚህ ጠርሙሱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዳችሁ ወደ ሆስፒታሉ ሂዱ።