ሳንባ አብሮ አይወፍርም

ጥያቄው የመጣው በአንድ የክልል ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከምትሠራ ነርስ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«በከባድ የሳንባ ምች የገባች የ42 ዓመት ሴት አለችን። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከዋለች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ክብደቷ 85 ኪሎ፣ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር። ሳንባዋ እንዳይጎዳ ብለን በኪሎ 7 ሚሊ ሊትር አስልተን ታይዳል ቮልዩሙን (በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን አየር) 600 አደረግነው። ትንፋሹ በደቂቃ 14፣ ፒፕ (ትንፋሽ ሲወጣ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው ግፊት) 5፣ ኦክስጅን 100 በመቶ። ሳቹሬሽኗ (የደሟ የኦክስጅን ሙሌት) ግን ከ86 በመቶ አልፎ አያውቅም። የከፍተኛ ግፊት አላርሙ ይጮሃል። ራጅ ላይ ሁለቱም ሳንባዎች ነጭ ሆነዋል። ኩላሊቷም መድከም ጀምሯል። ወደ ፕሬዠር ኮንትሮል (ከቮልዩም ይልቅ ግፊት ወደሚወሰንበት ሞድ) እንቀይራት?»

እህቴ፣ ሞዱን ለጊዜው ተዪው። ችግሩ ያለው 85 የሚለው ቁጥር ላይ ነው።

ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም። የሳንባ ስፋት የሚከተለው ቁመትንና ጾታን ነው። ስለዚህ የምናሰላው በሚዛን ክብደት ሳይሆን ከቁመት በሚወጣ ክብደት ነው። ከቁመቷ 152.4 ቀንሺ። የቀረውን በ0.91 አባዢ። 45.5 ደምሪበት። ለወንድ ከሆነ መደመሪያው 50 ነው። የእናንተ ታማሚ 50.6 ኪሎ ትመጣለች። ለዚች ሴት 600 ሚሊ ሊትር ማለት በኪሎ 12 ያህል ነው። 7 ሰጠናት ያላችሁት 12 ሆኖ አርፏል።

ይህ 12 ደግሞ በደንብ የሚታወቅ ቁጥር ነው። በ2000 የታተመው የአሜሪካኖቹ ትልቅ ጥናት እንደ እሷ ሳንባቸው የተጎዳ 861 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ቡድን በኪሎ 12፣ ለሌላው 6 ሚሊ ሊትር ሰጠ። 12 ከተሰጣቸው 39.8 በመቶው ሞቱ። 6 ከተሰጣቸው 31 በመቶው። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኦክስጅናቸው የተሻለ የነበረው 12 የተሰጣቸው ናቸው። ሞኒተሩ ላይ ደህና የሚመስሉት ይበልጥ ሞቱ። እኔ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ስጀምር ለመጣው ሰው ሁሉ 500 ሞልቼ፣ ሳቹሬሽን ከፍ ሲል ደስ ብሎኝ ወደ ሌላው አልጋ እሄድ ነበር። አጭር እናቶችን እንደዚያ ማስተንፈሴን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ለምን እንደሚጎዳ ልንገርሽ። በጀርባዋ የተኛች ታማሚ ሳንባ ከኋላ በኩል በፈሳሽ ይሞላና ይጨፈለቃል። አየር የሚቀበለው ከፊት ያለው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ ጋቲኖኒ ይህን የቀረ ክፍል «የሕፃን ሳንባ» ብሎ ጠራው። 600ው በሙሉ ወደዚያ ነው የሚገባው። የተወጠረው ሕዋስ ይቀደዳል። ያልተቀደደውም ቢሆን እንደ ኢንተርሊውኪን 6 ያሉ የብግነት መልእክቶችን ይለቃል። በአየር ከረጢቱና በደም ሥሩ መካከል ያለው ግድግዳ ስለሚያፈስ መልእክቶቹ ወደ ደም ይገባሉ፤ ከዚያ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ ጋ ይደርሳሉ። በዚያው ጥናት 6 በተሰጣቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኢንተርሊውኪን 6 ይበልጥ ወርዶ ተገኝቷል። የዚች ሴት ኩላሊት በኢንፌክሽኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቬንቲሌተሩም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከፒፕ ማነስ ይመጣል። የተጨፈለቀው ከረጢት በየትንፋሹ ሲከፈትና ሲዘጋ ይላጣል። ተመራማሪዎቹ ዌብና ቲየርኒ በ1974 በአይጦች ላይ አሳይተውታል። በ45 ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ያለ ፒፕ የተነፉት ሳንባዎች በአጭር ጊዜ በፈሳሽ ተሞሉ። ያው 45 ግፊት ከ10 ፒፕ ጋር ሲሆን ጉዳቱ በጣም ቀነሰ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ መጀመሪያ ደረቷን ግራና ቀኝ አዳምጡ። ቱቦው ወደ ቀኝ ገብቶ ወይም በደረቷ ውስጥ አየር አምልጦ ከሆነ ማሽኑን ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ ራሷ በማትተነፍስበት ሰዓት የአየር ማስገቢያውን ለግማሽ ሰከንድ ያዙትና ፕላቶ ፕሬዠሩን (አየሩ ቆሞ ሳለ ሳንባው ውስጥ ያለውን ግፊት) አንብቡ። አላርሙ የሚጮኸው በፒክ (አየሩ ሲገባ በሚደርሰው ከፍተኛ ግፊት) ነው፤ ሳንባዋ የሚሸከመውን የሚነግራችሁ ግን ፕላቶው ነው። ፒኩ ከፍ ብሎ ፕላቶው ዝቅ ካለ የታጠፈ ቱቦ፣ አክታ ወይም የጠበበ አየር ቧንቧ ፈልጉ። ሁለቱም ከፍ ካሉ ሳንባው ራሱ ግትር ሆኗል ማለት ነው። ፕላቶው ከ30 እንዳይበልጥ። ከፕላቶው ላይ ፒፕ ሲቀነስ ደግሞ ከ15 በታች ቢሆን እመርጣለሁ።

ቮልዩሙን በ50 በ50 እያላችሁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 300 አውርዱ። ትንፋሹን እየጨመራችሁ ወደ 28 ውሰዱት፤ ከ35 አታሳልፉ። አየሩ ወጥቶ ሳያልቅ ቀጣዩ ትንፋሽ እንዳይገባ የፍሎው (የአየር ፍሰት) መስመሩ ዜሮ መንካቱን እዩ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል። አንድ ሰው መጥቶ «ቮልዩም ጨምሩላት» ማለቱ አይቀርም። ፒኤቹ (የደሟ የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 በላይ እስከሆነና የጭንቅላት ግፊት ችግር እስከሌላት ድረስ ታገሡ። ከቱቦው ጫፍ የተቀጠለ ትርፍ ማራዘሚያ ካለ አውጡት። በ300 ቮልዩም ላይ ያ ትንሽ ቱቦ ከትንፋሿ የሚሰርቅ ትልቅ ሌባ ነው።

ፒፑን ከ5 በ2 በ2 ከፍ አድርጉ፤ የደም ግፊቷንና ፕላቶዋን እያያችሁ። ሳንባውን በኃይል ነፍቶ ለመክፈት አትሞክሩ። በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ያ አካሄድ ሞትን እንደጨመረ አሳይቷል። ሳቹሬሽን ከ88 እስከ 95 ይበቃል። 100 አትፈልጉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሽኑ የሚሰጣት ኦክስጅን 60 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀረ በሆዷ አስተኟት፤ ቢያንስ ለ16 ሰዓት። በ2013 የወጣው የፈረንሳዮቹ ጥናት 466 ሰዎችን ተከታትሎ የ28 ቀን ሞት ከ32.8 ወደ 16 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። አዲስ ማሽን አይጠይቅም። በቂ ሴዴሽን (ማስተኛ መድኃኒት)፣ አምስት ሰው፣ ቱቦውን ብቻ የሚይዝ አንድ ጠንቃቃ እጅ ነው የሚፈልገው። ምሽት ላይ ሰው ስለሚያንስ ቀን ላይ አድርጉት።

የጠየቅሽኝ ሞድ? አንዱ ከሌላው እንደሚሻል አልተረጋገጠም። የለመዳችሁትን ያዙ። ቮልዩም ኮንትሮል ላይ ግፊቱን ጠብቁ። ፕሬዠር ኮንትሮል ላይ ቮልዩሙን ጠብቁ፤ ሳንባው ሲለሰልስ ወይም ራሷ መሳብ ስትጀምር ማንም ሳይነካው 450 ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ለሰክሽን (አክታ ለመምጠጥ) ቱቦውን ስታላቅቁ ፒፑ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ያጠራቀማችሁት ሁሉ ይጨፈለቃል። ዝግ ሰክሽን (ቱቦው ሳይላቀቅ የሚመጥጥ) ከሌላችሁ ከማላቀቃችሁ በፊት ቱቦውን በክላምፕ ያዙት። 50.6 የሚለውንም ቁጥር በፕላስተር ጽፈሽ ማሽኑ ላይ ለጥፊው። የሌሊት ተረኛው ሚዛኑን አይቶ ወደ 600 እንዳይመልሰው።