ዕቃውን ገልብጣችሁ ስማችሁን ጻፉ

ልጆቼ፣

ከምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት፣ ከየጎረቤቱ የተጣለ ጣሳ እየለቀማችሁ የምትሠሩ በዝታችኋል። ደስ ይለኛል። እኔ ስጀምር «ምን ነክቶሽ ነው ቆሻሻ የምትሰበስቢው?» ያላለኝ ዘመድ አልነበረም። እናቴ ሁለት ጊዜ ሥራዬን ለቆራሌው ሸጣብኛለች፤ ዋጋውን ግን አካፍላኛለች፣ አልዋሽም።

ሥራችሁን ስታሳዩኝ መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን የማየው ለምን እንደሆነ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልሳ ፎን ፍሬይታግ ሎሪንግሆፈን በ1874 በባልቲክ ባሕር ዳር፣ ያኔ የጀርመን በነበረች ከተማ ተወለደች። በ1913 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ባሮን ለማግባት ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ የዛገ የብረት ቀለበት አገኘች ይባላል። ለጣት የማይሆን፣ መዳፍ የሚሞላ ነው። አንስታ «ዘላቂ ጌጥ» አለችው፤ የጥበብ ሥራ ነው ብላ ያዘችው። ባሏ ብዙም ሳይቆይ ጥሏት ሄደ። የቀራት ባሮነስ የሚለው ማዕረግና ያ ብረት ነው።

በዚያው ዓመት ማርሴል ዱሻም የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ፓሪስ ላይ የብስክሌት ጎማ በርጩማ ላይ ተክሏል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስለ ጎማው ደጋግመው አስተምረውኛል፤ ስለ ቀለበቱ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ዳዳ የሚባለው እንቅስቃሴ በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል ዙሪክ ላይ ተነሳ፤ ወጣቱን በሚሊዮን ለሚያስጨርስ ሥልጣኔ ምን የሚያምር ሥዕል ይሳልለታል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ኤልሳ ኒው ዮርክ ሆና የምትኖረው ይህንኑ ነበር። የቲማቲም ጣሳ ጡት መያዣ አድርጋ፣ የመጋረጃ ቀለበት በክንዷ ደርድራ፣ ጉንጯ ላይ ቴምብር ለጥፋ ትወጣ እንደነበር ያዩዋት ጽፈዋል። ለሠዓሊዎች ሞዴል እየሆነች እንጀራዋን ታገኝ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ሲያዩ ሰዎች «እብድ» ብለው ማለፍ ይቀላቸዋል፤ ከእብድ ደግሞ ሥራ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1917 «አምላክ» የሚባል ሥራ ተሠራ። አናጺዎች እንጨት በማዕዘን የሚቆርጡበት ሳጥን ላይ የተጠማዘዘ የብረት ቧንቧ ቆሟል፤ ከመታጠቢያ ሥር የሚገጠመው፣ ቆሻሻ ውኃ የሚያልፍበት ዓይነት። ፎቶውን ያነሳው ሞርተን ሻምበርግ የሚባል የፊላደልፊያ ሠዓሊ ነው። እሱ በ1918 በኅዳር በሽታ ሞተ። ሥራው በ1950 ፊላደልፊያ ሙዚየም ገባ፤ ለብዙ ዘመንም የሻምበርግ ብቻ ተብሎ ኖረ። ዛሬ ሙዚየሙ የኤልሳንና የሻምበርግን፣ የሁለቱንም ስም ይጽፋል። ከተመራማሪዎች መካከል ሐሳቡ የእሷ ነው፣ የእሱ ድርሻ መግጠምና ፎቶ ማንሳት ነው የሚሉ አሉ።

ሻምበርግ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። የተንኮሉ ምንጭ የሙያችን ጠባይ ነው። ሠዓሊ ብሩሹ ያስታውቅበታል፤ የእጁ አጣጣል ስሙን ቢደብቅም ያጋልጠዋል። ቧንቧ ግን ፋብሪካ የሠራው ነው። የእናንተ ሥራ መምረጣችሁ ነው፤ መምረጥ ደግሞ ዕቃው ላይ አሻራ አይተውም። ስለዚህ ስሙ በቀላሉ ይንሸራተትና ቀድሞ የተጠየቀው፣ ፎቶ ያነሳው ወይም የተሸከመው ሰው ላይ ያርፋል።

በእኔም ደርሷል። ወጣት ሳለሁ ከምጣድ ስባሪና ከሽቦ አንድ ትልቅ ነገር ሠራሁ። ለቡድን ዐውደ ርዕይ ስንወስደው ከብዶኝ ነበርና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተሸክሞ ገባ። ካርድ የሚጽፈው ልጅ በሩ ላይ «የማን ነው?» ብሎ እሱን ጠየቀው። እሱም ስሙን ሰጠ፤ የተሸካሚውን ስም የሚጠይቁት መስሎት ነበር፣ እንደ ነገረኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ካታሎጉም በዚያው ታተመ።

እንደ ጥበብ ሥራ ለዐውደ ርዕይ ስለተላከውና በዱሻም ስም ስለሚታወቀው የሽንት ገንዳ ትጠይቁኛላችሁ። ዱሻም በሚያዝያ 1917 ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ አንዲት ሴት ወዳጁ በወንድ የብዕር ስም እንደላከችው ይናገራል፤ ከዚህ ተነስተው ኤልሳ ናት የሚሉ አሉ፣ አጥብቀው የሚቃወሙም አሉ። በእኔ በኩል አንድ ደብዳቤ ብቻውን አያሳምነኝም። ሁሉንም ለእሷ ለመስጠት መሽቀዳደም ያው የመዝገብ ጉድለት በሌላ በኩል ነው። ቀለበቱ ይበቃታል።

ኤልሳ በታኅሣሥ 1927 ፓሪስ ላይ በጋዝ ታፍና ሞተች። ከመጥፋት ያዳናት ወዳጇ አሜሪካዊቷ ደራሲ ጁና ባርንስ ናት፤ ደብዳቤዎቿንና ግጥሞቿን ለዐሥርት ዓመታት አስቀመጠችላት። ዛሬ ወረቀቶቹ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ልጆች፣ እንጀራ ከምትገዙበት ሱቅ በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ዕቃውን ባነሳችሁበት ቀን፣ ቤት ሳትገቡ፣ በማይለቅ ማርከር ጀርባው ላይ ጻፉበት፦ የት እንዳገኛችሁት፣ መቼ፣ ስንት እንደከፈላችሁ፣ ስማችሁን። መጀመሪያ ፎቶ የምታነሱት እናንተው ሁኑ። ሁለታችሁ ከሠራችሁ ማን ምን እንዳደረገ ሳትጣሉ በፊት ጻፉት። ዝገቱን ለማሳመር ብላችሁ ጽሑፉን እንዳትፍቁት ደግሞ፤ አንዷ ተማሪዬ አድርጋዋለች።

ያ ባልደረባዬ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ሸምግሏል። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት ተገናኘን። አጠገቤ ተቀምጦ ለጎረቤቱ የወጣትነት ዘመናችንን ሲያወራ «ያ ምጣዴ እኮ፣ እሷም ታስታውሰዋለች» አለና ወደ እኔ ዞረ። የተሰጠኝን ቡና ጠጣሁ።