መጽሐፉ የሚለው ጋሎን የየት አገር ጋሎን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ለየበዓሉ ጠጅ ስትጥል እያየሁ ባድግም፣ ዘንድሮ በጓሮዬ ካፈራው ፕሪም የወይን ጠጅ መሥራት አማረኝ። ከአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር የታተመ መጽሐፍ ገዝቼ፣ «ለ1 ጋሎን 3 ፓውንድ ስኳር» በሚለው መሠረት ብሠራም የወጣልኝ መጠጥ እንደ ሽሮፕ የሚጣፍጥ ሆነ። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የመጽሐፉ? ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ እንዴት ልምረጥ? ስለ ጠጅ የሚያወሳስ መጽሐፍ ይገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እጅዎ ብዙም አላጠፋም። የእንግሊዝ ጋሎን 4.55 ሊትር ያህል ሲይዝ የአሜሪካው 3.79 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ፣ ያንኑ 3 ፓውንድ ስኳር ባነሰ ፈሳሽ ውስጥ ጨምረዋል ማለት ነው። በእንግሊዙ ልክ በሊትር 300 ግራም ገደማ ይሆን የነበረው ስኳር በእርስዎ ዕቃ ውስጥ 360 ግራም ገደማ ደርሷል፤ የፕሪሙ የራሱ ስኳር ሳይቆጠር። አንድ በመቶ አልኮል ለማውጣት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚያስፈልግ፣ እርሾው ሁሉንም ይጨርስ ቢባል ከ21 በመቶ በላይ አልኮል ማውጣት ነበረበት፤ አብዛኛው የወይን ጠጅ እርሾ ግን ከ14 እስከ 18 በመቶ ላይ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። ሽሮፕ የመሰለዎት እርሾው ያልቻለው ስኳር ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲያነሡ አስቀድመው የታተመበትን አገርና ዓመት ይመልከቱ፤ ቀጥለውም ስለ ሃይድሮሜትር የሚናገር ምዕራፍ እንዳለው ያረጋግጡ። ይህ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍና ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ የመስታወት መለኪያ (የውሃው 1.000 ነው) ጭማቂው ሲጀምር 1.090፣ ሲያበቃ 0.995 ቢያሳይ፣ መጠጡ 12.5 በመቶ ገደማ አልኮል እንዳለው ያሳውቃል። ይህን ስሌት የሚያስተምር መጽሐፍ የጋሎኑን ስሕተት ገና እርሾው ሳይጨመር ያስያዝዎት ነበር። ሁለት መቶ ዓይነት መጠጥ አስተምራለሁ እያለ መለኪያን በአንድ አንቀጽ የሚያልፈውን መጽሐፍ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ በበኩሌ መደርደሪያው ላይ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው መፈተኛ ስለ ንጽሕና የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። በአገራችን ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬዎቹ መጻሕፍት ለዚሁ ዓላማ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ባጭሩ ሰልፋይት) የተባለውን ዱቄት ወይም ክኒን ያዝዛሉ። መልካሙ መጽሐፍ «አንድ ክኒን ጨምር» ብሎ አይተውም፤ ጭማቂው ይበልጥ አሲዳማ በሆነ ቁጥር አነስተኛ መጠን እንደሚበቃ፣ ክኒኑ ከገባ በኋላም እርሾ ለመጨመር ለምን አንድ ቀን መጠበቅ እንደሚገባ ያስረዳል። የዳቦ እርሾ የሚያዝዙ አሮጌ መጻሕፍትም አሉ፤ መጠጡን አያበላሹትም፣ ግን እርሾው በቀላሉ አይዘቅጥም፣ ጣዕሙም ያስታውቃል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው በእጅዎ ባለው ፍሬ ይወሰናል። ለፕሪምዎ የሚሻለው ስለ ልዩ ልዩ ፍራፍሬ መጠጥ የተጻፈ ነው። ወይን ተክለው ለመጀመር ካሰቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የጄፍ ኮክስ «ፍሮም ቫይንስ ቱ ዋይንስ» ከችግኝ ተከላ እስከ ጠርሙስ ድረስ ያለውን ይዘልቃል፤ ከገበያ ፍሬ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ግን ግማሹ ትርፍ ነው።

ስለ ጠጅ ላነሡት፣ የሳንዶር ካትዝ «ዋይልድ ፈርመንቴሽን» (2003) የኢትዮጵያን ጠጅ ስም ጠርቶ አሠራሩን ያቀርባል። በዚያው ዓመት የወጣው የኬን ሽራም «ዘ ኮምፕሊት ሚድሜከር» የሚያተኩረው በሌላው ዓለም የማር መጠጥ ላይ ቢሆንም፣ ስለ ማር ዓይነትና ማር ለእርሾ ስለሚያጎድለው ምግብ ያለው ትምህርት ለጠጅ ጣይም ይረዳል። ጌሾውን በምን ያህል ብርዝ ውስጥ መጨመርና መቼ ማውጣት እንደሚገባ ግን እናትዎን በስልክ ቢጠይቁ ከሁለቱም ይሻላል፤ የሚነግሩዎትን ግን «በዓይን ግምት» ሳይሆን በኪሎና በሊትር አስመንዝረው ይጻፉት።

መጽሐፎቹን ከመግዛትዎ በፊት ከካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ተውሰው ይሞክሯቸው። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 100፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላለበት 200 ጋሎን ለግል ፍጆታ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው።

ያን ጣፋጭ ፕሪም ደግሞ አሁን በጠርሙስ አይድፈኑት። የተረፈው ስኳር እርሾውን እንደገና ካስነሣው ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። አየር ማስተንፈሻው እንደተገጠመ ይቆይ፤ የሃይድሮሜትሩ ቁጥር ለሳምንታት ካልተለወጠና ፈሳሹ ከጠራ በኋላ ከዝቃጩ ለይተው ሰልፋይትና እርሾው እንደገና እንዳይባዛ የሚያግደውን ፖታሲየም ሶርቤት ይጨምሩበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስኳር ሳያበዙ ከሚሠሩት ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) መጠጥ ጋር ቢቀላቅሉትም ጣፋጭነቱ ይቀንስልዎታል።