መልስ፦ «ስኬፕጎት» ምን ማለት ነው?
ጠያቂያችን፣ አለቃዎ በስብሰባ ላይ «ስኬፕጎት አታድርጉኝ» ያሉት የሌሎችን ጥፋት አታሸክሙኝ ለማለት ነው። ቃሉን የፈጠረው እንግሊዛዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ዊልያም ቲንዴል ሲሆን፣ በ1530 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትርጉም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሚገኘውን «አዛዜል» የተባለ የዕብራይስጥ ቃል «የሚሄድ ፍየል» ብሎ በመረዳት፣ ማምለጥ የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ አሳጥሮ ከፍየል ጋር አጣመረው። በዚያ ምዕራፍ በተጻፈው ሥርዓት መሠረት በሁለት ፍየሎች ላይ ዕጣ ይጣላል፤ አንዱ ይሠዋል፣ ሌላው ግን ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ከተናዘዘበት በኋላ በሕይወቱ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የተለመደው «የመሥዋዕት በግ» የሚለው አተረጓጎም ለእኔ አይጥመኝም፤ እንስሳው በግም አይደለም፣ አልታረደምም። ቃሉ በሰው ጥፋት የሚወቀስን ሰው ማመልከት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።