ከሳራዬቮ እስከ ቬርሳይ፦ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጠየቃችሁትን ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ። ቀንና ዓመቱ በፈረንጆች ነው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እልበታለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በተኮሰው ሽጉጥ ዓለም ተቃጠለ ሲባል አይዋጥልኝም። እውነት ምክንያቱ እሱ ነው?

መልስ፦ ሽጉጡ ሰበብ ነው። ጁን 28 ቀን 1914 (ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም.) የኦስትሪያ-ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከባለቤቱ ከሶፊ ጋር ሳራዬቮ ከተማ ተገደለ። ጠዋት የተወረወረበት ቦምብ እሱን ስቶ ሌሎችን አቁስሎ ነበር። ቁስለኞቹን ሊጠይቅ ሲነሳ መንገዱ መቀየሩን ለሾፌሩ የነገረው ሰው የለም። ሾፌሩ በድሮው እቅድ ታጠፈ፣ ተሳስተሃል ሲሉት ቆመ፤ የቆመውም የ19 ዓመቱ የቦስኒያ ሰርብ፣ የጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ፣ አፍንጫ ሥር ሆነ። ሁለት ጥይት በቃ።

ከዚያ ቀን እስከ ኦገስት 4 ግን 37 ቀን አለ። ጦርነቱ የተወለደው በእነዚህ ቀናት ነው። ጁላይ 5 ላይ ጀርመን ለኦስትሪያ «ከጎንሽ ነኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊ» አለቻት፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ያልተሞላ ቼክ ይሉታል። ኦስትሪያ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። አንደኛ፣ ብዙ ወታደር ለአጨዳ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛ፣ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሩሲያን እየጎበኙ ስለነበር ሁለቱ እዚያው ቁጭ ብለው እንዳይመክሩበት እስኪሄዱ ተጠበቀ። ጁላይ 23 ማታ 10 ነጥብ ያለው የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ለሰርቢያ ተሰጠ። ሰርቢያ አብዛኛውን በለሰለሰ ቃል ተቀበለች፤ የኦስትሪያ ሹማምንት መሬቷ ገብተው ምርመራው ውስጥ ይሳተፉ የሚለውን 6ኛውን ነጥብ ግን እምቢ አለች። የጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም መልሱን ያነበበው ጁላይ 28 ሲሆን፣ ከእንግዲህ ለጦርነት ምክንያት የለም ብሎ ጻፈበት። በዚያው ቀን ኦስትሪያ በቴሌግራም ጦርነት አወጀች።

ጥያቄ፦ እኛ የተማርነው «ኅብረቶቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ሁሉንም ጎተቱ» የሚለውን ነው።

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው፤ ውሎቹን ስታነቡ ሰንሰለቱ ብዙ ቦታ ላይ የላላ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ በ1879 ተዋዋሉ፣ ጣሊያን በ1882 ገባችበት። ፈረንሳይና ሩሲያ በ1894 የጸደቀ የጦር ውል ነበራቸው። እነዚህ እውነተኛ ግዴታዎች ናቸው።

የቀረው ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ በ1904 ከፈረንሳይ ጋር የተስማማችው ስለ ግብፅና ስለ ሞሮኮ፣ በ1907 ከሩሲያ ጋር የተስማማችው ስለ ፋርስ፣ አፍጋኒስታንና ቲቤት ነው። የቅኝ ግዛት ድርድር እንጂ «ብትወጋ እደርስልሃለሁ» የሚል ቃል የለበትም። በወረቀት የያዛት የቤልጂየምን ገለልተኝነት ያረጋገጠው የ1839 ውል ነው፤ ጀርመን ኦገስት 4 ያንን ስትጥስ እንግሊዝ በዚያው ሌሊት ገባች። ሩሲያም ብትሆን ለሰርቢያ ልዋጋልሽ ብላ የፈረመችው ውል አልነበራትም። በሌላ በኩል ጣሊያን ውል እያላት ቀረች፦ ውሉ የመከላከያ ነው፣ ኦስትሪያ ደግሞ ሳታማክረኝ አጥቂ ሆናለች አለች። ሩማንያም በ1883 የፈረመችው ምስጢራዊ ውል እያለ ዳር ቆመች። መውጫ በር ነበረ ማለት ነው፤ የፈለገ ወጥቶበታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኅብረቱ ካልሆነ ማን ገፋቸው?

መልስ፦ ክተትና ባቡር። የዚያ ዘመን ክተት ዛሬ እንደምናስበው አይደለም። ተጠባባቂው በቀናት ውስጥ ከእርሻና ከፋብሪካ ተጠርቶ፣ ታጥቆ፣ ከነፈረሱ፣ ከነመድፉ፣ ከነስንቁ በተቆጠረ ሰዓት ባቡር ላይ ይጫናል። አንድ ቀን የዘገየ አገር ድንበሩ ላይ በቁጥር ይበለጣል። ስለዚህ ሩሲያ ጁላይ 30 ጠቅላላ ክተት ስታዝ በርሊን ሰዓት መቁጠር ጀመረች።

የጀርመን እቅድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ሩሲያ ሰፊ ናት፣ ለመሰብሰብ ሳምንታት ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በ6 ሳምንት ፈረንሳይን በቤልጂየም በኩል ጥሎ ከዚያ ወደ ምሥራቅ መዞር። ሌሎቹ ከተው ድንበር ላይ ቆመው መደራደር ይችሉ ነበር። ጀርመን ግን አትችልም፤ ባቡሮቹ ማለፍ እንዲችሉ የቤልጂየሟን ሊዬዥንና 12 ምሽጎቿን በመጀመሪያዎቹ ቀናት መያዝ አለባት። ለእሷ መክተት ማለት መውጋት ነበር። ኦገስት 1 ማታ ቄሣሩ እንግሊዝ ፈረንሳይን ገለልተኛ ልታደርግ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ጦሩ በሙሉ ወደ ሩሲያ ይዙር ቢል፣ ኤታማዦሩ ሞልትኬ አይሆንም አለው። የዓመት ሥራ የፈጀ የባቡር ሰሌዳ በአንድ ሌሊት አይገለበጥም። በእኔ ግምት የጦርነቱ ቁልፍ ሰዓት ይህ ነው፤ ንጉሥ ለባቡር ሰሌዳ እጅ የሰጠበት።

እቅዱ ለምን ከሸፈ ላላችሁ፦ ከባቡሩ ጫፍ በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። የቀኝ ክንፉ ወታደር በኦገስት ሙቀት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በቀን 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። ቤልጂየሞች ሐዲድና ድልድይ ስላፈረሱ ስንቅ ወደ ኋላ ቀረ፤ ፈረስ ገፈራ አጣ። ሩሲያ ከተገመተው ፈጥና ምሥራቅ ፕሩሲያ ስትገባ ሞልትኬ ሁለት ኮር (እያንዳንዱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጦር) ከምዕራብ አነሳ፤ የደረሱት ጀርመኖች እዚያ ሩሲያን ያሸነፉበት የታነንበርግ ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው። በመጨረሻም የቀኙ ጦር ፓሪስን በምዕራብ ከመክበብ ይልቅ በምሥራቅ ታጥፎ ጎኑን ለፈረንሳዮች ሰጠ። በሴፕቴምበር 1914 ማርን ወንዝ ላይ ተመቱ። (የፓሪስ ታክሲዎች አገሪቱን አዳኑ የሚለው ያማረ ወሬ ነው፤ ያመላለሱት ጥቂት ሺህ ሰው ነው።)

ጥያቄ፦ አራት ዓመት ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ መተያየት ምን ይሉታል? ጥሶ መውጣት ለምን አልተቻለም?

መልስ፦ ከሰሜን ባሕር እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ነው፤ በጎን የሚዞሩበት ክፍት ቦታ የለም። ቦዩ ቀጥ ብሎ አይቆፈርም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ቀጥ ካለ አንድ መትረየስ የያዘ ጠላት ጫፉ ላይ ገብቶ ሁሉንም ያጭዳል፤ የወደቀ የመድፍ ጥይት ፍንጣሪም እስከ ሩቅ ይሄዳል። ከፊቱ እሾሃማ ሽቦ፣ ከኋላው ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር አለ።

ምሳሌው ሰሜን ፈረንሳይ ያለው የሶም ጦር ሜዳ ነው። እንግሊዞች ጁላይ 1 ቀን 1916 ከማጥቃታቸው በፊት 7 ቀን ሙሉ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጥይት አዘነቡ። ችግሩ የጥይቱ ዓይነት ነበር። አብዛኛው አየር ላይ ፈንድቶ ጥይት የሚበትን ነው፤ ሜዳ ላይ ያለን ሰው ይገድላል እንጂ ሽቦ በደንብ አይቆርጥም፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለን ጀርመን አይነካም። ብዙው ደግሞ በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ሳይፈነዳ መሬት ውስጥ ቀረ። ድብደባው ሲቆም ጀርመኖቹ መትረየሳቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ በአንድ ቀን እንግሊዝ የሞተና የቆሰለ 57,470 ሰው ቆጠረች፤ 19,240ው ሟች ነው። አንድ መስመር ቢሰበር እንኳ አጥቂው በተቆፋፈረ ጭቃ ላይ በእግሩ ሲሄድ፣ ተከላካዩ ተጠባባቂውን ከኋላ በባቡር ያመጣል። ስሌቱ ሁሌም ለተከላካዩ ያደላ ነበር።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ለምን ጎራ ለወጠች? ከእኛ ጋር የሚያያዝ ነገርስ አለው?

መልስ፦ ለዋጋ። ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ በምስጢር ፈረመች፤ ትሬንቲኖ፣ ትሪየስቴ፣ ኢስትሪያና የዳልማሺያ ክፍል ቃል ተገባላት። ለእኛ የሚከነክነው 13ኛው አንቀጽ ነው፦ እንግሊዝና ፈረንሳይ አፍሪካ ውስጥ የጀርመንን ግዛት ቢወስዱ፣ ጣሊያን በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ድንበሮች ካሳ ታገኛለች ይላል። ከድሉ በኋላ የተሰጣት ትንሽ ነው፤ እንግሊዝ ከኬንያ ቅኝ ግዛቷ ጁባላንድን (የዛሬውን ደቡብ ሶማሊያ ጠረፍ) እንኳ ያስረከበችው በ1925 ነው። «ድላችን ተጎማመደ» የሚለው ቁጭት ለሙሶሊኒ መሰላል ሆነው። በዚያው በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣና ውሃና ስለ ጣሊያን የኢኮኖሚ ክልል ደብዳቤ ሲለዋወጡ፣ ራስ ተፈሪ በመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ኢትዮጵያ ማኅበሩ የገባችው ገና በሴፕቴምበር 1923 ነበር።

ጥያቄ፦ ልጅ ኢያሱን ያወረዳቸው ይህ ጦርነት ነው?

መልስ፦ ብቻውን አይደለም። የሸዋ መኳንንትና የቤተ ክህነት ቅሬታ ነበረ፤ ጦርነቱ ግን እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረ። ኢትዮጵያ በይፋ ገለልተኛ ነበረች። ኢያሱ ለኦቶማን ቆንስላና እንግሊዝን ሲወጋ ለነበረው ለሶማሊያው ሰይድ መሐመድ መቅረባቸው ዙሪያዋን የያዙትን እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን አስደነገጠ፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ተቃውሞ አቀረቡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩ፤ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ።

ጥያቄ፦ የኅዳር በሽታስ?

መልስ፦ አዎ፣ የዚያው የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ በወታደር ማመላለሻ መርከብና ባቡር ዓለምን ዞሯል። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው አዲስ አበባን ሲፈጅ የነበረውም በዚያው ወር ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው።

ጥያቄ፦ ሂትለርን ያመጣው የቬርሳይ ካሳ ነው ይባላል።

መልስ፦ በቁጥር እንየው። በ1919ኙ የቬርሳይ የሰላም ውል መሠረት ጀርመን ለአሸናፊዎቹ እንድትከፍል በ1921 የተቆረጠባት 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነው። ነገር ግን በሦስት ተከፍሎ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍል፣ 82 ቢሊዮኑ፣ ለአሸናፊዎቹ ሕዝብ ጆሮ የተጻፈ እንጂ ይከፈላል ተብሎ የተጠበቀ አልነበረም። እውነተኛው ዕዳ 50 ቢሊዮን ነበር። በ1923 መጨረሻ 1 ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ የሆነው ደግሞ በካሳው ብቻ አይደለም። ጀርመን ጦርነቱን በግብር ሳይሆን በብድር ነበር የተዋጋችው። ፈረንሳይ በጃንዋሪ 1923 የጀርመንን የከሰልና የብረት አካባቢ ሩርን ስትይዝ መንግሥት ሥራ ላቆሙት ሠራተኞች ደመወዝ የከፈለው ገንዘብ እያተመ ነው።

የናዚዎች ድምፅ በ1928፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ 2.6 በመቶ ነበር። 37 በመቶ የደረሰው በጁላይ 1932፣ ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀትና ከሥራ አጡ ብዛት በኋላ ነው። በዚያው ወር ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ በሎዛን ጉባኤ ላይ ካሳው ከሞላ ጎደል ተሰርዟል። ቬርሳይ የተወው ቂም ለአንደበተ ርቱዕ ሰው ጥሩ መሣሪያ ሆኗል፤ ይህን አልክድም። ካሳውን ለመክፈል ከተወሰደው ብድር የቀረው የመጨረሻ ወለድ የተከፈለው ኦክቶበር 3 ቀን 2010 ነው።