ጥያቄና መልስ፦ የጭንቀት መድኃኒቴን በአንድ ጊዜ መተው እምነት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ። አልፕራዞላም የሚባል የጭንቀት መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ 3 ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንዲት የማከብራት እህት «እግዚአብሔርን ይዘሽ ኪኒን ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ልቤ ተነካ። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ሌሊት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ በር ሲዘጋ እንኳ ጥይት የተተኮሰ ያህል እደነግጥ ነበር። አልቻልኩም፣ ተመልሼ ጀመርኩ። ክጃለሁ? ወይስ የያዘኝ ክፉ መንፈስ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልካድሽም። እንዲያውም ተመልሰሽ መጀመርሽ ከባሰ ነገር ሳያድንሽ አይቀርም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ ብዬ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ ከዚያ በፊት የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ እንኳ ቢሆን፣ ሰውነቱን አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

የሆነብሽ ይህ ነው። አእምሯችን ውስጥ ጋባ የሚባል የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር አለ። እንደ ፍሬን ቁጠሪው። ኪኒኑ ያንን ፍሬን ያጠብቀዋል፣ አእምሮ ደግሞ ጊዜ ሲረዝም እርዳታውን ይለምድና የራሱን ያላላል። ኪኒኑ በአንድ ሌሊት ሲቀር የላላው ፍሬን ገና አልጠበቀም። መንቀጥቀጡም፣ ላቡም፣ ድምፅና ብርሃን አልችል ማለቱም ከዚህ የመጣ ነው። መድኃኒቱን ከመጀመርሽ በፊት በር ሲዘጋ እንዲህ ትደነግጪ ነበር? ካልነበረ ይህ የመድኃኒቱ መቅረት ያመጣው እንጂ መንፈስ አይደለም።

እኔም ይህን ሁልጊዜ አላውቅም ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድም መድኃኒቱን እንደተወ ሲነግረኝ «እግዚአብሔር ያበርታህ» ብዬ ሸኘሁት። ሐኪምህ ያውቃል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። በሳምንቱ መንገድ ላይ ወደቀ። ተርፏል፣ እኔ ግን ያቺን «ያበርታህ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

2ኛ ነገሥት 20ን ክፈቺ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔርም «ጸሎትህን ሰምቻለሁ፣ እንባህንም አይቻለሁ» አለው። ጸሎቱ ተሰማ፣ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፣ ቁስሉ ላይም አደረጉለት። ንጉሡ «ተሰምቶልኛል፣ በለሱ ለምኔ» አላለም። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል።

ማቆም ከፈለግሽ ይቻላል፣ ብዙዎች አቁመዋል። ግን መጠኑን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው፣ እኔም ያቺ እህትም አይደለንም። ብዙ ጊዜ ሐኪሞች በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ በዚያን ጊዜ ከሚወሰደው ከ5 እስከ 10 በመቶ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል። ያንቺ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ እንደ ዳያዜፓም ወዳለ ቀስ ብሎ ወደሚወጣ ሊቀይሩልሽ ይችላሉ። የንግግር ሕክምና ካገኘሽ ጎን ለጎን ጀምሪ፣ ጭንቀቱን ራሱን መጋፈጥ ያስተምራል። ኪኒኑን በጥፍርሽ ሰብረሽ፣ ፍርፋሪውን እየገመትሽ በራስሽ አትቀንሺ። ሲከብድሽ እዚያው መጠን ላይ መቆየት ይቻላል፣ ለሐኪምሽ ንገሪው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጠጥ እንዳትነኪ። ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከ ማቆም ያደርሳል።

ስለ ጾሙም ልንገርሽ። መድኃኒት አይጾምም። ጾም ከምግብና ከክፋት ነው። መጠን የምትቀንሺበትን ሳምንት ከከባድ ጾም መጀመሪያ ጋር አታጋጥሚው። ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪ፣ እሳቸው ለታመመ ሰው የሚሆነውን ያዙልሻል። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ምን አለው? «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ»። አልገሠጸውም፣ አበላው፣ በልቶ ሲተኛም ተወው፣ ደግሞም ቀስቅሶ አበላው።

ሌሊቱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሕመሙ እንደ ማዕበል ነው፣ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ሁለት ቀን ደህና ሆነሽ በሦስተኛው ሊብስብሽ ይችላል፤ ያኔ ወደ ኋላ የተመለስሽ አይምሰልሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነቃሽ ረጅም ጸሎት ላድርስ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽን መሬት አስነኪ፣ ቀስ ብለሽ አየር ስታስገቢ «ጌታ ሆይ»፣ ስታስወጪ «ማረኝ» በይ። ይበቃል። መዝሙረኛውም ከድንጋጤ የተነሣ መናገር ያቃተው ሌሊት ነበረው።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጊ። ሰውነትሽ ከተንዘፈዘፈ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት ከጀመርሽ፣ ያለሽበት ከጠፋሽ፣ ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቤትሽ ላሉት አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ ያኔ ጸልዩላት ብለው እንዳያስቀምጡሽ። በመንገድ ላይ ይጸልዩልሽ።

ያቺን እህት አትቀየሚያት፣ ሳታውቅ ነው። ይህን መልስ አንብቢላት። አንቺ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፣ ያለፉትን ሦስት ሌሊቶች ሳትደብቂ ንገሪው፣ የመጀመሪያው ቅናሽ መቼና ስንት እንደሚሆን ስትስማሙ ጻፊልኝ። የክርስትና ስምሽንም ላኪልኝ፣ በዚያ ሳምንት በጸሎት አስብሻለሁ።