«በጀት አልገባም» ለምትባሉ፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በበጀት ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ስለ በጀት መጓተት የሚያናድዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ስለበዛ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ጋሼ፣ ለቀበሌያችን የውኃ ቦኖ ጥገና ሰኔ ላይ ወረዳ ሄድን፤ «በጀት ተዘግቷል» አሉን። ሐምሌ ላይ ተመለስን፤ «አዲሱ ገና አልገባም» አሉን። ታዲያ በጀት ያለው መቼ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም መልስ እውነት ነው፤ አንጀት የሚያሳርረውም ይኸው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ለመዝጋት አዲስ የግዥ ጥያቄ መቀበሉን ቀደም ብሎ ያቆማል። አዲሱ በጀት ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። የተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ያጸድቃል፤ ክልሉ ድርሻውን ይዞ ባሕር ዳር ላይ ያጸድቃል፤ ወረዳው ድጎማው ሲታወቅ በራሱ ምክር ቤት ያጸድቃል። አንዱ ጋ ሲዘገይ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይጠብቃል።

ከዚህ የባሰው ግን ክረምቱ ነው። ገንዘቡ ለሥራ ሲደርስ መስከረም ጠባ እንበል። ከዚያ የጨረታ ሰነድ፣ ማስታወቂያ፣ ግምገማ፣ የቅሬታ ጊዜ፣ ውል ይከተላል። ለድንጋይና ለሲሚንቶ ሥራ የሚመቸው በጋ ወረቀት ሲያገላብጡ ያልፋል። ግንቦት ላይ ውል ተፈርሞ ተቋራጩ ድንጋይ ሲያራግፍ ዝናቡ ይገባል፤ ሰኔ ላይ ሒሳቡ ይዘጋል። መንዝ ውስጥ ለወንዝ መሻገሪያ ቱቦ የተራገፈ ድንጋይ ሣር በቅሎበት አይቻለሁ። ሰዉ በየክረምቱ ያንን ወንዝ ልጅ አዝሎ ነበር የሚሻገረው። ይህ «አሠራር ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የጨረታ ሰነዱ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ ቢያንስ ሁለት ወር ይተርፋል።

ጥያቄ (መምህር፣ ከመሐል ሜዳ)፦ የኛ ደመወዝ ለምን ይዘገያል?

መልስ፦ መምህር፣ የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ምንጩ ከክልል የሚመጣው ድጎማና ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው ገቢ ነው። ገቢው ከዕቅድ በታች ሲሆን፣ በተለይ በጸጥታው ምክንያት ግብር ሰብሳቢ መግባት የማይችልበት ቀበሌ ሲበዛ፣ ጉድለቱ ዞሮ ዞሮ ደመወዝ ላይ ያርፋል። ዕቅዱን የለጠጠው ሌላ፣ ሱቅ ላይ ዱቤ የሚከለከለው መምህሩ መሆኑ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ 1.93 ትሪሊዮን ብር ጸደቀ ሲባል ሰምተናል። የት ሄደ?

መልስ፦ እሱ የ2018 የፌዴራል በጀት ነው። ለክልሎች ሁሉ ድጎማ የተያዘው 315 ቢሊዮን ገደማ ነው። ያ በየክልሉ፣ ከዚያ በየወረዳው ተከፋፍሎ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው።

ጥያቄ (ከአረርቲ)፦ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የመንግሥት ሕንፃ ታጸዳለች፤ በኮንትራት ነው። ባለፈው ጊዜ መንግሥት ተዘጋ ብላ ብር መላክ አቆመች። ሀብታም አገር እንዴት ይዘጋል?

መልስ፦ ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ መስማማት አቅቷቸው ነው። እዚያ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በአውሮፓውያን ኦክቶበር 1 ነው። እስከዚያ ምክር ቤቶቹ ካልፈቀዱ መሥሪያ ቤቱ እንዳያወጣ ሕግ ይከለክለዋል። በሴኔት (በላይኛው ምክር ቤት) ሕጉን ለማሳለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ድምፅ 60 ያስፈልጋል፤ አንዱ ፓርቲ ብቻውን ያን ያህል የለውም። በአውሮፓውያን 2025 በጤና መድን ድጎማ ተጣልተው ለ43 ቀን ዘጉት፤ ከዚያ በፊት ረጅሙ 35 ቀን ነበር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። ቋሚ ሠራተኞች ውዝፋቸውን እንዲያገኙ በአውሮፓውያን 2019 የወጣ ሕግ አለ፤ በኮንትራት ድርጅት የሚሠሩትን ግን አይሸፍንም። እህትሽ የቀረባት ገንዘብ ሳይመለስላት ቀርቶ ሊሆን ይችላልና አትቀየሚያት።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ እኛ አገር እንዲህ ሊዘጋ ይችላል?

መልስ፦ በዚያ መልኩ ያስቸግራል። እኛ ጋ መንግሥት የሚመሠርተው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያለው ነው፤ የራሱን በጀት አይጥልም። ስለዚህ መዘግየቱ የሚመጣው በአዳራሽ ክርክር ሳይሆን በቢሮ ነው፤ ማን እንዳዘገየውም አይታወቅም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አርሶ አደሩ በሬውን ትቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ ደጅ ሲጠና፣ ወረቀቱ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ ሊነገረው ይገባል።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ለትምህርት ቤታችን ዴስክ «ተይዟል» ከተባለ ሁለት ዓመት ሆነ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ «በየትኛው ዓመት፣ በካፒታል በጀት (ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ) ነው ወይስ በመደበኛ (ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ)?» ብለው ይጠይቁ። የወረዳው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ አለበት፤ ከሌለ እንዲለጠፍ ይጠይቁ። ተይዞ ሳይገዛ ሰኔ 30 ካለፈ በራሱ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይሻገርም፤ እንደ አዲስ መያዝ አለበት። ስለዚህ ወላጆች ማመልከቻ ተፈራርማችሁ ለቀበሌው የምክር ቤት ተወካይ አስገቡ፣ በበጀት ቅድመ ውይይቱም ላይ ተገኙ። የማመልከቻው ቅጂ ላይ ማኅተምና የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ሳይደረግላችሁ እንዳትመለሱ።